ከብርማው በላይ የተቆረጠው ዛፍ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። ወንበር ያልደረሰው እዚህ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፤ እግሩን የሚያመው ይዘርጋ፣ አልቀየምም። የማወራችሁ ዛፍ ስለምትለካ አንዲት ሴትና ስለ ታናሽ ወንድሟ ነው። ደግ ደጉን ብቻ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን የጠብ ነገር ነው። ጠብን አለሳልሼ ባወራችሁ ደግሞ እናንተኑ መናቅ ይሆንብኛል።

ሴትዮዋን ሰፈሩ «አየር መዛኟ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነው፤ እየቆየ ግን እናቷም ሳይቀሩ ለመዱት። ሥራዋ ከቤቶቹ በላይ ያለውን የባህር ዛፍ ደን መለካት ነው። ኮረብታው ጫፍ ላይ ከዛፎቹ አናት በላይ የሚወጣ የብረት ማማ አለ። ማማው ላይ ያለው መሣሪያ ነፋሱ ወደ ደኑ ሲገባ ምን ያህል ካርቦን ይዞ እንደገባ፣ ሲወጣ ምን ያህሉን ለዛፎቹ ትቶ እንደወጣ ይቆጥራል። ታች ደግሞ አሥራ አምስት ዛፎች በሰው ደረት ልክ ሁለት ሁለት መርፌ ተሰክቶባቸው፣ ፀሐይ እንዳያሞቃቸው በብርማ መሸፈኛ ተጠቅልለው ቆመዋል። መርፌዎቹ የሚናገሩት አንድ ዛፍ በቀን ስንት ውሃ እንደሚጠጣ ነው።

ወንድሟ አትክልተኛ ነው። ከደኑ በታች ምንጭ አለ፤ ከምንጩ በታች የሱ ጎመንና ቲማቲም። ምንጩ ሦስት ዓመት ሙሉ እየቀነሰ መጣ፤ በአራተኛው ዓመት በጋ ላይ እንደ ልጅ እንባ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አትክልተኛው ቀና ሲል የሚያየው ዛፎቹን ነው፤ ከዛፎቹ መሃል ደግሞ ወረቀት ይዛ ወዲያ ወዲህ የምትለውን እህቱን። ዛፎቹ ላይ የያዘው ቂም ወደ እሷ ዞረ። ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ዛፎቹን የተከሉት የሁለቱም አባት ነበሩ። ሲሞቱ ቤታቸው በኮምፖርሳቶ፣ በስስ የጣውላ ግድግዳ፣ ለሁለት ተከፈለ። ግድግዳው የሚያበቃው እናታቸው ክፍል ላይ ነው፤ የእናትየው ክፍል ሁለት በር አለው፣ አንዱ ወደ ሴት ልጃቸው፣ ሌላው ወደ ወንድ ልጃቸው። ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ አለ፤ እሱም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያስነጥሰዋል። ወንድምና እህት ቀጥታ አይነጋገሩም። ነገር ካላቸው በእናታቸው በኩል ይወራወራሉ።

«እማዬ፣ ለልጅሽ ንገሪያት» ይላል እሱ ጄሪካኑን ቧንቧው ስር እያስቀመጠ። «ዛፎቿ ጠጥተው የተረፋቸው ካለ እኛም እንቅመስ።»

«እማዬ፣ ለልጅሽ ንገሪው» ትላለች እሷ በመስኮት። «አንድ ዛፍ በቀን የሚጠጣው ሠላሳ ሊትር ነው። አንድ ጄሪካን ተኩል። የሱ የጎመን መደብ የሚጠጣው ከዚያ ይበልጣል።»

«ጎመኔን ሰው ይበላዋል በያት። የሷን አየር ማን ይበላዋል?»

«እኔ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ?» ይላሉ እናትየው ከአልጋቸው። «ቴምብር ሳትለጥፉ የምትልኩት።»

ብቻቸውን መነጋገር ግድ ሲሆንባቸው ደግሞ ወንድምየው «እርስዎ» ይላታል። በልጅነቱ «እትዬ» እያለ ቀሚሷን ይዞ ያደገ ልጅ፣ አሁን «እርስዎ» ሲላት በጥፊ ከመታት እኩል ያማታል። እሱም ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው የሚላት።

ያኔ ታዲያ ነገሩ ጫፍ ደረሰ። ነዋሪው ከአሥር ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊሰበሰብ ተባለ። ከምንጩ በላይ ያሉት የዛፍ ረድፎች ይቆረጡ ወይስ ይቁሙ የሚለው እዚያ ይወሰናል። የሚወሰነው በሷ ቁጥር ነው። አንድ ዛፍ የሚጠጣው ሠላሳ ሊትር ከሆነ ዝናቡ ይበቃል፣ ዛፎቹ ነፃ ናቸው፤ የምንጩ መድረቅ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። ከዚያ በጣም ከበለጠ ግን የአባቷ ዛፎች ይወድቃሉ። ሠላሳ ሊትርን ደግሞ አየር መዛኟ ሦስት ዓመት ለክታ፣ ፈርማበታለች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ደኑ ስትወጣ ከሩቁ አንድ ነገር ቅር አላት። ከዛፎቹ መሃል ሰማይ ይታያል፤ ትላንት ጠዋት ያልነበረ ሰማይ። እየሮጠች ደረሰች። መርፌ ከተሰካባቸው ዛፎች ሰባተኛው አናቱ የለም። ላይኛው ግንዱ ተጋድሞ ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። የገረማት አቆራረጡ ነው። ሰው ዛፍ ሲቆርጥ ጎንበስ ብሎ ከስሩ ነው። ይህኛው ግን የተቆረጠው በትከሻ ልክ፣ ከብርማው መሸፈኛ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። መሸፈኛው አልተነካ፣ ሽቦው አልተበጠሰ። ዛፉ ካፖርቱን እንደለበሰ አንገቱን የተቀላ ሰው መስሎ ቆሟል።

ሣሩ ውስጥ መጋዝ ወድቋል። እጀታው በብስክሌት የከመነዳሪ ጎማ ተጠምጥሟል። ያን ጥምጥም የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ጥምጥሙ የወንድሟ እጅ ሥራ ነው።

ደሟ ፈላ። «ቆይ» አለች ለራሷ፣ «ቆይ፣ ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው።» ዛፎቹ ስር መዝጋቢ ሳጥን አለ፤ በየአሥር ደቂቃው የእያንዳንዱን መርፌ ሙቀት ይጽፋል። ውሃው የቆመበትን ደቂቃ ካገኘች ዛፉ የተቆረጠበትን ደቂቃ አገኘች ማለት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እሷ ማማው ላይ መሣሪያ ስትወለውል ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ የት እንደነበር ይታወቃል፤ እሱ ብቻ ነው ከመደቡ ጠፍቶ የዋለው። ላፕቶፗን ከሳጥኑ ጋር አገናኘች። ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር። እዚያ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ጻፈችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላት። በገዛ ወንድሟ ላይ ማስረጃ አግኝታ ደስ አላት።

ከዚያ ዓይኗ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም። ከሁለቱ መርፌዎች ላይኛው በትንሹ ይሞቃል፣ ታችኛው አይሞቅም። ዛፉ ውሃ ሲስብ ውሃው ላይኛውን መርፌ እያለፈ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ብዙ ውሃ ካለፈ መርፌው ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ከቆመ መርፌው የሚችለውን ያህል ይሞቃል። ያ ትልቁ ሙቀት፣ የሚያልፍ ውሃ ስለሌለ፣ «ዜሮ» ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚለካው። ዜሮውን የት ያገኙታል ካላችሁኝ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ዛፍ በሌሊት ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን አፎች ይዘጋል፣ አይጠጣም፤ ስለዚህ የጎህ ሙቀት ዜሮ ነው ይላሉ። እሷን ያስተማሯት እንዲህ ነው፣ እሷም ሦስት ዓመት እንዲሁ ሠራች።

የሰባተኛው ዛፍ ላይኛው መርፌ ጎህ ላይ ከታችኛው የሚበልጥበት ሙቀት በዚያ በጋ ከስምንት ነጥብ አንድ ዲግሪ አልፎ አያውቅም። ዛፉ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሙቀቱ ወደ ዘጠኝ ተኩል ተጠጋ። እዚያም ቀረ። ሲመሽም፣ ሲነጋም፣ ፀሐይ ስትወጣም ንቅንቅ አላለም።

ቁጭ አለች። አናት የሌለው ዛፍ ውሃ አይስብም። እውነተኛው ዜሮ ይህ ነው። ታዲያ ሦስት ዓመት በየጎሁ «ዜሮ» እያለች የጻፈችው ምን ነበር? በዚያ ተዳፋት በጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ደረቅና ሞቃት ነፋስ እንደሚነፍስ ማንም ያውቃል፤ መስኮት ሲያንኳኳ ያድራል። ዛፎቹ አፋቸውን አይዘጉም ነበር። ተኝተዋል ስትል እየጠጡ ነበር። ባለሱቅ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አሳርፎ «ባዶ ነው» ቢል፣ ከዚያ በኋላ የሚመዝነው ሁሉ ይጣመማል። የሷም ልኬት ሁሉ እንዲሁ ተጣሟል። ሠላሳ ሊትር የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ በላይ ነው።

ወንድሟን ልትይዝበት የከፈተችው ገጽ እሷኑ ያዛት። አንድ ወረቀት ነው፤ አንደኛው መስመር እሱን ይከሳል፣ ሁለተኛው መስመር እሷን።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም። «አንድ ዛፍ ነው» አለች፤ «አንድ ዛፍ ምን ያረጋግጣል? ቁስሉ ይሆናል መርፌውን ያሞቀው።» ሰው ለራሱ ሲሆን ጠበቃ አያጣም። ሁለት ቀን እንዲህ ስትል ሰነበተች። ዓርብ ጠዋት የወንድሟን መጋዝ ይዛ ወጣች።

የመረጠችው አንደኛውን ዛፍ ነው። አባቷ ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ችግኙን ቀጥ አድርጋ የያዘችላቸው እሷ ነበረች። ለምን እሱን መረጠች እንዳትሉኝ፤ መርፌው ከሁሉም የታመነው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ከብርማው በላይ አንድ ስንዝር ለካች፣ መጋዙን አሳረፈች፣ መገዝገዝ ጀመረች።

ከታች መደቡ ውስጥ አትክልተኛው ድምፁን ሰማ። ትንሽ ቆይቶ እያለከለከ መጣ።

«የሰው መጋዝ ሰርቀው ነው የሚቆርጡት?»

«ወድቆ ያገኘሁት ነው። የኔ ነው የሚል ካለ አሁኑኑ ይውሰደው» አለች ሳትዞር።

መጋዙ የኔ ነው ካለ የት እንደጣለው ሊጠየቅ ነው። ጺሙን አከከ። ቀና ብሎ ዛፉን አየ፣ ዞሮ መደቡን አየ።

«ይሄ ወደ ታች ከወደቀ ተንከባሎ ችግኜ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«እንግዲያው ገመድ አምጣ።»

«ለእርስዎ?»

«ለችግኝህ።»

ገመድ አመጣ። ከዛፉ ወገብ ላይ አስሮ ወደ ላይ ወደ ተዳፋቱ ሳበ፤ እሷ ገዘገዘች። ሳይተያዩ ሠሩ። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀስ፣ መጋዙ ይነክሳል» አላት፤ «ስለ መጋዝህ የማውቀውን አውቃለሁ» ብላ መለሰችለት። ዛፉ ሰነጠቀ፣ ጮኸ፣ ወደ ላይኛው በኩል ተጋደመ። የቅጠሉ ሽታ ጉሮሮ ያዘ።

ያኔ «እርስዎ» ጠፋው። «አብደሻል?» አላት። «ለነዚህ ዛፎች ስትሞቺ አልነበር? የአባባን የመጀመሪያ ዛፍ?»

«ሰባተኛውን ለምን ከብርማው በላይ ቆረጥከው?»

«መሣሪያ ያበላሸ ይታሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛፍ የቆረጠ ግን...» አለና አፉን ያዘ። ጆሮው ቀላ። «እኔ ምን አውቃለሁ ማን እንደቆረጠው።»

«ደግ አደረክ» አለችው።

የምታሾፍበት መሰለው። ገመዱን ጠቅልሎ፣ ምራቁን ጢቅ ብሎ ወረደ። መጋዙን ግን አልወሰደም።

ሦስት ቀን ጠበቀች። አንደኛው ዛፍም እንደ ሰባተኛው አደረገ፤ ከማንኛውም ጎህ በላይ ሞቆ ቀጥ አለ። ቁጭ ብላ ሁሉንም እንደገና አሰላች። አንድ ዛፍ በቀን ሃምሳ ሊትር። ሁለት ጄሪካን ተኩል። ማማው የቆጠረው ካርቦን ምንም አልተነካም፤ ማማው መርፌ የለውም። ደኑ ከአየር የሚስበው ያው የሚስበው ነው። ለዚያ የሚጠጣው ውሃ ግን እሷ ካለችው በላይ ነው፤ ከምንጩ ራስ ያሉት ረድፎች ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አዳምጧት ሲያበቃ በሩን ተነስቶ ዘጋ።

«እህቴ፣ ሦስት ዓመት በዚህ ቁጥር ሪፖርት ልከናል። ከፊርማሽ በታች የኔ ማኅተም አለበት።»

«አውቃለሁ።»

«ስብሰባው ይለፍና ቀስ ብለን እናርመዋለን። የቆረጠውን ሰው የሚያጋልጥ ሰዓት አለኝ ብለሻል፤ እሱን አንብቢ። ሰው ሁሉ በሱ ላይ ይነሳል፣ ዛፎቹ ይቆማሉ። ምን ጎደለሽ?»

«ሰዓቱና ዜሮው አንድ ገጽ ላይ ናቸው።»

«ገጽ ይቀደዳል» አለ ኃላፊው፣ ፈገግ ብሎ። «ካልሆነ ግን ከነገ ወዲያ መርፌ የሚነካ ሌላ ሰው ነው። በኋላ አልነገርከኝም እንዳትይኝ።»

ቤት ስትገባ እናትየው ጠሯት። «ወንድምሽ በግድግዳው ጠይቂያት አለኝ። ነገ ስሜን ታነሳለች ወይ ነው የሚለው። ፈርቷል፤ አንቺም ፈርተሻል። ሁለታችሁም ከኔ የወጣችሁ አይመስለኝም፤ እኔ እንዲህ ፈሪ አልነበርኩም።»

«ነገ ይሰማል በይው።»

«ቴምብር» አሉ እናትየው፣ እጃቸውን ዘርግተው። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው የመጡ ሴቶች ከፊት ተቀምጠው በጄሪካኑ ወለሉን ይደበድባሉ። አትክልተኛው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ለመውጣት እንዲመቸው ይመስላል። ኃላፊው ከመድረኩ ወንበር ላይ ሆኖ ወረቀቷን በዓይኑ ይከተላል።

አየር መዛኟ ሙሉውን ገጽ ይዛ ቆመች። «ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ሰባተኛው ዛፍ ተቆረጠ» አለች። አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ያን ጥምጥም መጋዝ ማንም ያውቀዋል፤ ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ኃላፊው ወንበሩን ደገፍ አለ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ሁለተኛውን መስመር አነበበች። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዜሮው፣ በገዛ እጇ ስለቆረጠችው አንደኛ ዛፍ ተናገረች። «ሠላሳ ያልኳችሁ ሃምሳ ነው። ሦስት ዓመት ተሳስቻለሁ። ደኑ ከአየር የሚስበውም አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሰምታችሁ ወስኑ።»

ቀጥሎ አንዷ ከፊት፣ «አየር መዛኟ ዜሮ መቁጠር አቃታት» አለች፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ደግ ሳቅ አልነበረም። «ውሃችንን በወረቀት ሸፈንሽው» አለ አንዱ። «ሦስት ዓመት» አለ ሌላው። ጄሪካኖቹ ወለሉን ይደበድባሉ። ቀና ብላ ቆመች።

ሰው ሁሉ ወንድምየው የሚላትን ጠበቀ። ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። «መጋዙ የኔ ነው» አለ። «ሰባተኛውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አልክድም።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ፣ ፊቱ አልፈታም። «አንቺ ግን ሦስት ዓመት በሰው ፊት ውሸታም አድርገሽኛል። ጎመኔን ሌባ አድርገሻል። እሱን የት ላስመዝግብ?»

«እዚሁ» አለችው። «ጻፈው፣ እፈርምልሃለሁ።»

«አልጽፍም። ዕድሜ ልክሽን በጆሮሽ ይጩህ።»

ወጥቶ ሄደ። ውሳኔውን እንኳ አልጠበቀም።

ከምንጩ ራስ ያሉት አራት ረድፎች እንዲቆረጡ፣ ሌላው ደን ስለሚስበው ካርቦን ሲባል እንዲቆም ተወሰነ። ሰባተኛውን በመቁረጡ አትክልተኛው የአራቱን ረድፍ ጭራሮ ብቻውን እንዲያነሳ ፈረዱበት፤ አንድ ወር ፈጀበት፣ አንድ ቀን አላጉረመረመም፣ አንድ ቀንም ሰላም አላላትም። እሷን ኃላፊው እንዳለው ከመርፌውና ከፊርማው አነሳት። የሦስት ዓመቱን ገጽ ሁሉ እንደገና ስታሰላ ከረመች፣ የየዕለቱም ቁጥር በሷ እጅ ያልፋል፤ የሚፈርመው ግን ሌላ ሰው ነው። ሰፈሩ ስሟን ለወጠው፤ «ዜሮ» አሏት። ምንጩ? በዓመቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ። እንደ አባታቸው ዘመን አልሆነም፤ ግን ጠብ ጠብ ማለቱን ትቶ መፍሰስ ጀመረ።

ኮምፖርሳቶው ዛሬም አለ። ወንድምና እህት ዛሬም ቀጥታ አይነጋገሩም። መጋዙ አንድ ጠዋት ከሷ ደጃፍ ጠፋ፤ ማን እንደወሰደው አልጠየቀችም። እሱ ግን ማታ ከመደቡ ሲመለስ እጁን ቧንቧው አጠገብ ይታጠብና፣ ግድግዳውን ሳያይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላል፦

«እማዬ፣ ለልጅሽ ንገሪያት። ዛሬ ስንት ጠጡ?»

እሷም ከወዲያ ትመልሳለች፣ ቁጥሯን ብቻ። በአንዲት ነጥብ እንኳ አታጭበረብረውም። እሱም አያመሰግናትም።

በሉ እግራችሁ ደንዝዟል፣ ተነሱ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፣ ልጆቼ። ወደዚያ ተዳፋት ከወጣችሁ፣ ጉቶዎቹ መሃል በትከሻ ልክ የተቆረጡ ሁለት ግንዶች ታያላችሁ፤ ብርማቸው ዛሬም ያብለጨልጫል። አንዱ በንዴት ነው የተቆረጠው፣ ሌላው አይደለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ አስታውሱልኝ።